የሐቦባ በቱል ውኃ

ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ዚሬ ሞልቶ አገኘሁት።

ዚር ለማያውቅ ልንገር። ግርጌው የሾለ፣ በብረት እግር ላይ የሚቆም የሸክላ ጋን ነው። ሸክላው ስለሚያልበው ውስጡ ያለው ውኃ በካርቱም ሙቀት እንኳ ቀዝቃዛ ነው። የኔው ሳጃና በሚባለው ሰፈሬ፣ ከደጄ ፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል። ያለፈ ያገደመው ይጠጣበታል። የምሞላው እኔ ነኝ። በየማለዳው ሦስት መንገድ ተሻግሬ ከጉድጓዱ ወረፋ እይዛለሁ፤ ሁለት ጀሪካን ቀድቼ በአሮጌ የሕፃን ጋሪ እየገፋሁ እመለሳለሁ። ጋሪውን ያገኘሁት ከጦርነቱ በኋላ ስመለስ ባዶ በተረፈው ቤቴ ውስጥ ነው። ዘራፊዎቹ የኔን ዕቃ ጭነው የሌላ ሰው ጋሪ ጥለውልኝ ሄደዋል።

ጉልበቴ ካበጠ ሦስት ቀን ሆኖታል። ትናንት ለጎረቤቴ ለሱዓድ አሳየኋት። ጥፋቱ እሱ ነበር፤ ጉልበትን ለሰው ማሳየት። ሱዓድ እናቷ የኛ፣ የሐበሻ ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ የትምህርት ቤት ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። ሞልታው የሄደችው እሷ እንደሆነች ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይመርቅ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ። ከዚያ መቆጣቱም ደከመኝና ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐቦባ በቱል ዓይኔ ላይ መጥተው ቆሙ። አፈር ከሆኑ ብዙ ዘመናቸው ነው።

እሳቸውን ያወቅኩ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካርቱም ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ሲሆን የምሠራው ሲት ፋጥማ የሚባሉ አስተማሪ ቤት ነው። ሴትዮዋ ጥብቅ ነበሩ፣ ግን ሚዛን ያውቃሉ። ከሥጋ በቀር የበሉትን እበላለሁ፤ ከተኙ እተኛለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥተው ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ “ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴን ስትሠሪ ኖርሽ፤ አንድ ቀን ተቀምጠሽ አላየሁሽም” አሉኝ። “ወደ ሰሜን፣ አክስቴ ዘንድ ትሄጃለሽ። የምትሄጂው በእንግድነት ነው፤ ሠራተኝነትሽን እዚህ ትተሽ ሂጂ። ድስት ብትነኪ እሰማለሁ።”

“ምን ላደርግ ነው ታዲያ?” አልኳቸው።

“ትቀመጫለሽ።”

መቀመጥ እንደሚከብድ አልነገሩኝም።

ሎሪው መንገዱን ሁለት ቀን ፈጀበት። ወንበር የለውም። በስኳርና በዱቄት ጆንያ ላይ ተደርድረን፣ በነጠላዬ እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኜ ነው የሄድኩት። አሸዋው ግን ነጠላ አያግደውም። ጥርሴ መሃል ይገባል፣ ከዳቦው ጋር ይታኘካል። መኪናው በሰመጠ ቁጥር ወንዶቹ ወርደው ከጎማው ሥር ብረት ያነጥፋሉ፤ “ያላ! ያላ!” እያሉ ይገፋሉ። በሎሪው ጎን ውኃ የሞላ የፍየል ቆዳ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። መንገዱን ሙሉ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከተማዋ ትንሽ ናት። በስተጀርባዋ በረሃ፣ ከፊቷ አባይ፤ በመሃል ተምርና ቤቶች እንደ መቀነት ቀጭን ሆነው ተዘርግተዋል። ግድግዳዎቹ በነጭና በቢጫ አፈር ተቀብተው ከበሩ በላይ የሸክላ ሳህን ተለጥፎባቸዋል። መብያ ሳህን ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ስስቅ አንዲት ሴት፣ “ቤቱም እንግዳ ይጋብዛላ” አለችኝ። በየቤቱ ፊት የጭቃ መደብ አለ። ሴቶቹ በማለዳ ደጃቸው ላይ ያለውን አሸዋ ሳይቀር በመጥረጊያ መስመር እያወጡ ይጠርጋሉ። የተምር አዝመራው ገና መሰብሰቡ ስለነበር ጓሮው ሁሉ ምንጣፍ ሆኖ ተምር ተሰጥቶበታል። ሽታው እንደ ማር ነው፤ ዝንቡም እንደዚያው።

ከሎሪው የወረድኩት ከተማዋ ጫፍ፣ የበረሃው መንገድ በሚገባበት ቦታ ነው። እዚያ ከዘንባባ የተሠራ ትንሽ ዳስ ሥር ሁለት ዚሮች ቆመዋል። አጠገባቸው የእንስሳት ገንዳ፣ ከዳሱ ምሰሶ ላይ በገመድ የታሰረ የቆርቆሮ ኩባያ። ተሳፋሪው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ጠጣና ከንፈሩን እያበሰ ለማላውቀው ሰው ምሕረት ለመነ። እኔም ጠጣሁ። የጭቃ፣ የጥላና የጠዋት ጣዕም ነበረው።

የሲት ፋጥማ አክስት፣ ሐቦባ በቱል፣ እዚያው ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ሐቦባ ማለት በሱዳኖች አያት ማለት ነው። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ እንደ ተምር ፍሬ የተጨማደዱ፣ ቀጥ ያሉ ሴት። የኑብያ ሰው ስለሆኑ ዐረብኛቸው እንደኔው ሰባራ ነበር። ቋንቋው ለሁለታችንም የውሰት ልብስ ነው፤ ለአንዳችን ሰፋ፣ ለአንዳችን ጠበበ። እንደምንም ተግባባንበት።

በመጀመሪያው ቀን ለኔ ክብር በግ አረዱ። እኔ ደግሞ የእስላም ሥጋ አልበላም። በኛ ደንብ አይበላም፤ በእነሱም የኛ አይበላም። ሳህኑ ፊቴ ሲቀርብ ላብ አጠመቀኝ። ሐቦባ በቱል አንድ ጊዜ ፊቴን አዩ። ሥጋውን አንስተው ለጎረቤት ላኩና ግራሳ የሚሉትን ወፍራም የስንዴ ቂጣ ከባቄላና ከተምር ጋር አቀረቡልኝ። “እያንዳንዱ የራሱ አለው” አሉ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ቅር ያላቸውም አይመስሉም ነበር። በሰነበትኩበት ጊዜ ሁሉ ስለ ሥጋ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ይህን ልብ ብዬ ይዤው ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ነገር አይደርስም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከመደቡ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሐቦባ በቱልን አየኋቸው። የዘይት ቆርቆሮ ሙሉ ውኃ በራሳቸው ተሸክመው ከወንዙ ይመጣሉ። በተምሩ መሃል፣ በእርሻው ድንበር፣ በከተማዋ በኩል አልፈው እስከ በረሃው ጫፍ፣ እስከ ዳሱ ድረስ። ደግሞ ይመለሳሉ። አራት ምልልስ! በየመደቡ የተቀመጡት ወንዶች እሳቸው ሲያልፉ ብድግ ብለው “ሰላም አለይኩም” ይላሉ። ከዚያ መልሰው ይቀመጣሉ።

ደሜ ፈላ። ከወንዶቹ ሁሉ የቅርቡ ዓም ሳልህ፣ አጎት ሳልህ እንደማለት፣ ነበሩ፤ ጢማቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ግን የበሬ የሆነ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው የአህያ ባለቤት። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

“እርስዎ አህያ አለዎት” አልኳቸው።

“አለኝ፤ አልሐምዱሊላህ።”

“አህያው እዚህ ጥላ ሥር ቆሟል። እሳቸው ደግሞ ተሸክመዋል። አያፍሩም?”

አህያውን አዩት። እኔን አዩኝ። “የአህያው ጥፋት አይደለም” አሉ።

“ማነው ታዲያ ጥፋተኛው?”

“ያ ቢት፣ ልጄ፣ ያ ውኃ የኛ አይደለም። ተይው።”

እኔ ሰበብ መሰለኝ። የሰነፍ ወንድ ሰበብ ሰምቼ አላውቅም እንዴ! ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ እነሱ ዘንድ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ስለሆነ የማያውቅ ሰው አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከጓሮው ሌላ ቆርቆሮ አነሳሁ። ቆርቆሮውን በራስ መሸከም አልችልም። ስለዚህ በገመድ አስሬ፣ እንደ አገሬ እንስራ በጀርባዬ አዘልኩት። እየተንጠባጠበ ጀርባዬን እስከ ተረከዜ አራሰኝ። ውኃ ይዘው የሚመለሱ ሴቶች አይተውኝ “ግመሏ መጣች!” ብለው ሳቁ። ይሳቁ። አራቴ ተመላለስኩ። ሁለቱንም ዚሮች እስከ አፋቸው ሞላሁና ዳሱ ሥር እንደ ባለሥልጣን ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ሐቦባ በቱል የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ተሸክመው ደረሱ። የዚሩን ክዳን አነሱ። ቆሙ።

“ማነው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አልኩ፣ በኩራት። “እርስዎ ይረፉ።”

ቆርቆሯቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ኩባያውን ያዙና የኔን ውኃ ከዚሩ እየጨለፉ ወደ እንስሳቱ ገንዳ መገልበጥ ጀመሩ። አንድ ኩባያ፣ ሌላ ኩባያ። ቁጣ የለባቸውም፤ ምስር የሚለቅሙ ይመስላሉ። ዓም ሳልህ አህያቸውን ይዘው ደረሱ፤ አህያው አፉን ገንዳው ውስጥ ከተተ።

“ዛሬ የሐበሻ ውኃ ጠጣ” አሉ ዓም ሳልህ፤ “ነገ በአማርኛ ሊያናግረኝ ነው።”

ቀልዱን አልቻልኩትም። ጮህኩ። “ሰው በጥም እየሞተ ውኃ ለአህያ ይሰጣሉ? ሰው እኮ ይሞታል! እህቴ ሞታለች!”

ከአፌ ወጣ። ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

የሐቦባ በቱል እጅ አየር ላይ ቆመ። ዓም ሳልህ አህያቸውን ጎትተው ሄዱ። ሐቦባ በቱል ቀሪውን ጨልፈው ጨረሱ። ከዚያ የራሳቸውን ቆርቆሮ ገለበጡና ወደ ወንዙ ተመለሱ። አራቱን ምልልስ እስኪጨርሱ እዚያው ተቀምጬ አየኋቸው። አሸዋው ሞቀ፣ ጥላው አጠረ፤ እሳቸው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እንደዚያ ቀን የረዘመብኝ ጠዋት የለም። ሲጨርሱ አጠገቤ ተቀመጡ። ላባቸው የተምር ይሸታል።

“ልጄ የሎሪ ረዳት ነበር” አሉኝ። “መኪናው በረሃ ላይ ተሰበረ። ያገኙት በአሥረኛው ቀን ነው። ይህ ውኃ የሱ ነው። መንገደኛ ጠጥቶ ‘ይማረው’ ሲል እሱ ጋ ይደርሳል። የተሸከመው ግን እናቱ ካልሆነች የማን ውኃ ይሆናል? የሰው ውኃ ልስጠው?”

እሳቸው ደንቤን አልነኩብኝም፤ እኔ ግን የሳቸውን ነካሁ። ያውም በፍትሕ ስም።

“እህትሽስ?” አሉ።

ነገርኳቸው። ከአገር ስንወጣ ብዙ ነበርን፤ ወደ ድንበሩ ቆላ ስንወርድ አንድ ጀሪካን ብቻ ቀረን። መሪው በክዳን እየለካ ለሁላችን እኩል ነበር የሚሰጠን፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ጥሩዬ እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ድርሻዋን ተቀብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የጠጣች ትመስላለች። ከዚያ “በቃኝ፣ ተርፎኛል” ብላ ለኔ ትሰጠኛለች። እኔም እጠጣለሁ። ከንፈሯን ብቻ እያረጠበች እንደሆነ ያወቅኩት በአራተኛው ቀን፣ መነሳት ሲያቅታት ነው። እኩል ተካፍለን ነበር። እኔ ግን ከእኩል በላይ ጠጣሁ።

ሰው ሁሉ “አንቺ ሴትዮ፣ ሚዛን ሚዛን ስትይ ልትሞቺ ነው” ይለኛል። ይበል።

ሐቦባ በቱል አላለቀሱልኝም። “ዚር አላት?” ብለው ብቻ ጠየቁ።

“የላትም። ተዝካሯንም አላወጣሁም፤ የቀበርናት መንገድ ላይ ነው።”

“ታዲያ የኔን ልጅ ከምታጠጪ የራስሽን አታጠጪም?”

ከሰዓት በኋላ ዓም ሳልህ አፉ የተሸረፈ አሮጌ ዚር በአህያ ጭነው አመጡ። “ይኸው አህያው ሠራ” አሉ፤ “አሁንስ ታረቅሽው?” ዚሩን ከሁለቱ ጎን አቆሙልኝ።

አምስት ቀን ቀዳሁ። ሐቦባ በቱል ፊት፣ እኔ ኋላ፤ እሳቸው በራሳቸው፣ እኔ በጀርባዬ። አንድ ጠዋት ዳገቱ ላይ ተንገዳገዱና እጄን ዘረጋሁ። “እጅሽን ሰብስቢ!” አሉኝ። በሌላ ቀን እኔ ዳርቻው ላይ አዳልጦኝ ከነቆርቆሮዬ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ቆመው እስክነሳ ጠበቁኝ እንጂ አላነሱኝም። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ሳቅሁ። የራስን መሸከም እንደዚህ ነው፤ ማንም አይገባበትም።

በአራተኛው ቀን ሎሪ ገባ። አሸዋ የለበሰ አንድ ረጅም ሰውዬ ወርዶ በቀጥታ ወደ ተሸራረፈው ዚር ሄደ። ሁለት ኩባያ ጠጣ። ሦስተኛውን ፊቱ ላይ አፈሰሰና፣ “ባለቤቱን አላህ ይማረው” አለ። “ሴት ናት” አልኩት። “ይማራት” አለ። “ስሟ ማነው?”

“ጥሩዬ።”

ስሟን ጮክ ብዬ ከጠራሁ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ሰውዬው በአፉ ሊያስተካክለው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ግን ሞከረ።

የምመለስበት ቀን ሲደርስ የከበደኝ ነገር ዚሩ ነበር። ማን ይሞላዋል? ሐቦባ በቱልን ለመንኳቸው። “በመንገድዎ ነው፤ አንድ ምልልስ ቢጨምሩ…”

“አልጨምርም” አሉ።

“ስለ እህቴ!”

“ያለኝ ጉልበት የአንድ ሰው ነው። እሺ ብዬሽ ብዋሽስ? ትሄጃለሽ፣ ዚሩ ይደርቃል፤ አንቺ ግን እዚያ ሆነሽ ትጠጣለች ብለሽ ትተኛለሽ።” ከዚያ ዚሩን አሳዩኝ። “ድፊው። ባዶ ዚር አፉን ከፍቶ መንገድ ላይ አይቆምም። ከሩቅ ያየ ጥመኛ ተስፋ አድርጎ ይመጣል።”

በገዛ እጄ ደፋሁት። ሎሪው ላይ ስወጣ ከሁለቱ ጎን አፉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ይታየኝ ነበር። ክፉ ሴትዮ አልኳቸው በልቤ። ብዙ ዓመት እንደዚያ አልኳቸው። ሲት ፋጥማ “ተቀመጥሽ?” ብለው ሲጠይቁኝ “ተቀመጥኩ” ብዬ ዋሸሁ።

ካርቱም ገብቼ እንደደረስኩ ለጥሩዬ ዚር አቆማለሁ ብዬ ነበር። አላቆምኩም። ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ሠራሁ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈርም ሠራሁ፤ የሰው ልብስ አጠብኩ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ልጆቼ ወለዱ። ሁልጊዜ ነገ ነበር። ኢንሻላህ እያልን የምናሳድረው ነገር ስንት ነው! ጦርነቱ መጥቶ ቧንቧው እስኪደርቅ፣ ሰው በዚህ ትልቅ ከተማ መሃል፣ ሁለት አባይ በሚገናኙበት አገር፣ በጥም ከንፈሩ ሲሰነጠቅ እስካይ ድረስ አልነቃሁም። ስመለስ ድስት ከመግዛቴ በፊት ዚር ገዛሁ። አርባ ዓመት ዘግይቼ።

ሱዓድ ከቤቷ ስትወጣ ገና ደጃፌ ላይ ነበርኩ። የስፌት ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

“ሐቦባ፣ ተቆጣሽ እንዴ?”

“ማነው ሙይው ያለሽ?”

“ጉልበትሽን አየሁ ኮ! ማሌሽ፣ ይቅርታ። ወላሂ፣ ለአንቺ ብዬ ነው።”

“ለኔ አይደለም ዚሩ።”

“አውቃለሁ፣ ለእህትሽ ነው። ውኃ ውኃ ነው፣ ሐቦባ። ሰው ጠጣ፣ ኻላስ፣ አለቀ።”

እጄ ኩባያው ላይ ነበር። እንደ ሐቦባ በቱል ጨልፌ ልገለብጠው ነበር፤ እውነቱን ልናገር። አህያ የተጠመደበት አንድ ጋሪም መንገዱ ማዶ ቆሟል። ግን ቀና ስል ከሱዓድ አጥር በላይ የግቢዋ ሎሚ ታየኝ። እናቷ ብርቄ እዚያ ሥር ናት። በጦርነቱ ጊዜ መቃብር ቦታ መድረስ ስላልተቻለ ሱዓድና ወንድሟ በገዛ እጃቸው ግቢ ውስጥ ቀበሯት። ብርቄ ጓደኛዬ ነበረች፤ ዘፈን ስትጀምር ዜማው የሚጠፋባት፣ ግን የማታቋርጥ።

“ስትቀጂ ማንን አሰብሽ?” አልኳት።

ሜትሩን በጣቷ ጠቀለለችው። ፈታችው። “ወረፋው ረጅም ነበረ” አለች። “እማ ወረፋ አትወድም ነበር። እሱን ነው ያሰብኩት።”

ለመገልበጥ ያነሳሁትን ኩባያ ሞላሁና ጠጣሁ። ከገዛ ዚሬ ጠጥቼ አላውቅም ነበር፤ የመንገደኛ ነው ብዬ። ዛሬ ግን መንገደኛዋ እኔ ነበርኩ።

“የብርቄን ነፍስ ይማር” አልኩ።

ሱዓድ ከንፈሯን ነከሰች። “አላህ ይርሐማ” አለች፣ ቀስ ብላ።

“የራስሽን ዚር ግዢ” አልኳት። “ከኔው ጎን አቁሚው። የኔን ግን ዳግመኛ ብትነኪ እጣላሻለሁ።”

“ጉልበትሽስ?”

“ጉልበቴ የኔ ነው።”

ስቃ ገባች። የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ይሰማኛል። መንገዱ ላይ ሰው መመላለስ ጀምሯል፤ አንዱ ጠጥቶ አለፈ፣ ሌላዋ ልጇን አጠጣች። በዚህ ሙቀት እስከ ቀትር ዚሩ ባዶ ይሆናል። ጠዋቱ የብርቄ ነበር። የከሰዓቱ የጥሩዬ ነው። እስከዚያ እግሬን ዘርግቼ ትንሽ ልረፍ።